አሸዋ አልነበረም፦ ስለ ወረታው ሜካኒክ ስለ አቶ ኑሩ

የወረታው ሜካኒክ አቶ ኑሩ ማክሰኞ ጧት አርፈው ያንኑ ቀን ከቀትር በኋላ ተቀበሩ። እኔ ይፋግ ልጄ ዘንድ ነበርሁ፤ ስመለስ የመቃብራቸው አፈር ደርቆ ነበር። ይህን የምጽፈው ግን ለምታውቋቸው ሁሉ ሞታቸውን ለማርዳት ብቻ አይደለም። በሩዝ አምራቾች ማኅበራችን ቃለ ጉባኤ ላይ «የመኪናው ሞተር በሜካኒኩ ጥፋት ተበላሸ» የሚል ቃል ተጽፎ ነበር። ሐሰት ነው። እሳቸው ይህን ሐሰት ሁለት ዓመት ተሸክመውት ሞቱ። እኔ ዘነቡ፣ የማኅበሩ አባልና የአቶ ኑሩ ጎረቤት፣ በዓይኔ ያየሁትን እናገራለሁ። ትምህርቴ መሠረተ ትምህርት ነው፤ ፊደሌ ቢንጋደድም ነገሬ አይንጋደድም።

አቶ ኑሩ ከግቢዬ ፊት ለፊት፣ አስፋልቱ ዳር፣ በቆርቆሮ ጋራዥ ሲሠሩ ኖሩ። ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ ብቻቸውን ነበሩ። ሴቶች ልጆቻቸው በየአገሩ ተድረዋል። እኔም ባሌን ከቀበርሁ ቆይቻለሁ። ጧት ጋራዡን ሲከፍቱ ቆርቆሮውን በመፍቻ ሁለት ጊዜ ይመቱታል፤ እኔ ከውስጥ «አለሁ» እላለሁ። በቃ፣ ሌላ ሰላምታ አልነበረንም። አሁን በዚያ ሰዓት ዝም ብዬ እቀመጣለሁ፤ መኖሬን የሚጠይቅ የለም።

ክረምት የርብ ወንዝ ሞልቶ ሜዳውን ሲያጥለቀልቀው ገበሬው ውሃ የገባበትን የመስኖ ሞተር በትከሻው ተሸክሞ ይመጣል። እሳቸው ተራ አያውቁም፤ ቀድመው የሚያነሡት የችግረኛውን ነው። አንድ ጊዜ አንድ ባለጸጋ «እኔ ነኝ ቀድሜ የመጣሁት፤ ይቺ ሴትዮ ገና አሁን ደረሰች» ብሎ ተቆጣ። አቶ ኑሩ ቀና ሳይሉ «አንተ ቤት ሌላ ሞተር አለ። እሷ ቤት ሌላ ባል አለ?» አሉት። ሰው ሁሉ ሳቀ፤ መበለቲቱም ጭምር።

መኪና ታሞ ሲመጣ ሞተሩን ለመክፈት አይቸኩሉም። ዘይቱን በነጭ ሳህን ይቀዳሉ። የዘይት ማጣሪያውን ፊልትሮ በመጋዝ ቆርጠው ወረቀቱን ፀሐይ ላይ ይዘረጋሉ። ከዚያ በላስቲክ የጠቀለሉትን ማግኔት በዘይቱ ውስጥ ቀስ አድርገው ይጎትቱታል። «ዱቄቱ የዕድሜ ነው፤ ቅርፊቱ የሕመም ነው» ይሉ ነበር። ማግኔቱ የያዘው ከብረት ክፍሉ የተፋቀ ነው። ከሁሉ የሚፈሩት ግን ማግኔት የማይነካውን፣ ወርቅ መስሎ የሚያብለጨልጨውን ነበር። እሱ ከብሮንዚናው ይመጣል። ብሮንዚና ማለት የሞተሩ ዋና ዘንግ ተደግፎ የሚሽከረከርበት ለስላሳ ማቀፊያ ነው፤ እሱ ካለቀ ሞተሩ አለቀ።

ነገሩ የሆነው በኅዳር ነው። ሩዛችን ታጭዶ ሜዳ ላይ ተከምሯል፤ ያለ ወቅቱ ደመና መጥቷል። የማኅበሩ መኪና ሞተሩ ማንኳኳት ጀምሮ ጋራዡ ደጅ ቆመ። ሊቀመንበራችን አቶ አዳነም፣ ከአባላቱም ብዙዎች ነበርን። አቶ ኑሩ ዘይቱን በሳህን ቀዱና ማግኔቱን ጎተቱበት። ዘይቱ ወርቅ የተነሰነሰበት ይመስል ነበር።

«ይሄማ የርብ አሸዋ ነው» አለ አቶ አዳነ። «ክረምት መኪናው እስከ ሆዱ ውሃ ውስጥ ገብቶ አልነበረም?»

የፎገራ ሰው ሁሉ ያውቃል፤ ርብ ሲጎድል ጥሎት የሚሄደው አሸዋ እንዲሁ ያብለጨልጫል። ሁላችንም ራሳችንን ነቀነቅን። እውነቱን ልናገር፣ እኔም አሸዋ ነው ብዬ ነበር።

«አሸዋ አይደለም» አሉ አቶ ኑሩ።

«ማግኔቱ እኮ አልያዘውም። ብረት ቢሆን ይይዘው አልነበረም?»

«ነሐስን ማግኔት አይይዘውም አቶ አዳነ። የቤተ ክርስቲያናችሁን ጸናጽል ማግኔት ይዞት ያውቃል?»

ሰው ሳቀ። አቶ አዳነ አልሳቀም። «አሁን ደግሞ ደብተራ ሊሆኑብን ነው?» አለ።

አቶ ኑሩ ከሚያብለጨልጨው ጥቂት አንሥተው በቤንዚን አጠቡና መስታወት ላይ አደረጉት። ማንኪያ ሰጡኝ። «እቴቴ ዘነቡ፣ ድንጋይና ሩዝ ሲለዩ ኖረዋል። በጀርባው ይጫኑት። አሸዋ ከሆነ ይንኮሻኮሻል፣ ይደቃል። ነሐስ ከሆነ ይዘረጋል» አሉኝ። ተጫንሁት። አልተንኮሻኮሸም። እንደ ዓሣ ቅርፊት ጠፍጣፋ ሆነ፤ በጥፍሬ ሳነሣው ታጠፈ። «አሸዋ አይታጠፍም፤ እኔም ተሳስቻለሁ» አልሁ። ሁሉም ሰምቷል።

«መኪናው ከዚህ አይነቃነቅ» አሉ አቶ ኑሩ። «ከታች ከፍተን ብሮንዚናውን እንቀይር። ሦስት ቀን ስጡኝ። አሁን ከተነዳ ሐሙሲት ከተማ ሳይደርስ ሞተሩ ይነክሳል፣ ተጣብቆ ይቀራል።»

«ሦስት ቀን ዝናቡን እርስዎ ይይዙልኛል? አዲስ ዘይት ይጨምሩበት፤ አሸዋው ይታጠባል።»

«ዘይት እጨምራለሁ፤ ባዶውን አልሰጣችሁም። ገፍታችሁ ቤት አስገቡት እንጂ እንዳታስነሡት። ዘይት እንጂ ዕድሜ አልጨምርለትም።»

በአቶ አዳነ ትእዛዝ ግን መኪናውን አስነሥተው ሩዝ ጫኑበት። ሐሙሲት ሳይደርስ ሞተሩ ነክሶ ቀጥ አለ። በማግስቱ ዝናቡ ወረደ፤ ሜዳ ላይ የቀረው ሩዝ በቀለ። የእኔም በቅሏል። ሰው ተቆጣ፣ ለቁጣውም ጥፋተኛ ተፈለገ። በስብሰባው አቶ አዳነ ተነሥቶ «ዘይቱን የቀየረው ማን ነው? ኑሩ። ሞተሩ የነከሰው መቼ ነው? ዘይቱ በተቀየረ ማግስት እንኳ አይደለም፣ ያንኑ ቀን» አለ። ማንኪያውን ያየ ሁሉ አንገቱን ደፋ። አቶ ኑሩ አባል አይደሉምና አልተጠሩም። እኔ ተነሣሁ። «እማማ ዘነቡ ስለ ሩዙ ይናገሩ፤ ሞተሩን ለእኛ ይተዉልን» ተባልሁና ተሳቀብኝ። ድምፅ ሲሰጥ የተቃወመች እጅ የእኔ ብቻ ነበረች።

እየነደድሁ መጥቼ ነገርኋቸው። መፍቻቸውን በጨርቅ ይጠርጉ ነበር። «የጋለ ሞተር አይከፈትም፣ እቴቴ። ይብረድ» አሉኝ።

«አንቱ ዝም ሲሉ ጥፋተኛ ይመስላሉ።»

«ስጮኽስ ምን እመስላለሁ?»

ነገሩ ግን አልበረደም። ከዚያ ወዲህ መኪናው ሁሉ ጋራዡን እያለፈ ሄደ። በክረምት እንኳ ሞተር ተሸክሞ የሚመጣ ጠፋ። እሳቸው ግን በየጧቱ ይከፍቱ ነበር። ደጁን ይጠርጋሉ፣ ያልተነካውን ዕቃ ዘይት ይቀባሉ፣ ከቀትር ሶላት ሲመለሱ በሩ ላይ ወንበር አውጥተው ይቀመጣሉ። ሁለት ዓመት። አንዳንዴ እኔ በወዲያ፣ እሳቸው በወዲህ፣ መካከላችን አስፋልቱ፤ የሚያወራ የለም። አጠገባቸው ሄጄ ብዙ ጊዜ ባለመቀመጤ ዛሬ ይቆጨኛል። ዝምታቸው ያናድደኝ ነበር።

ከሞቱ በኋላ ወደ ማኅበሩ ሄድሁ። ያ ቃል ይታረም አልሁ። «የሞተ ሰው ምን ይጠቅመዋል?» አሉኝ። «እሳቸው ሞተዋል፤ ውሸቱ ግን አልሞተም» አልኋቸው። በአጀንዳ አልተያዘም ብለው መለሱኝ። በሁለተኛውም ስብሰባ እንዲሁ። በሦስተኛው ወንበር ሲሰጡኝ እንቢ አልሁ። ነገሩ እስኪነሣ እቆማለሁ ብዬ እስከ ቀትር ቆምሁ፤ ጉልበቴ ያውቀዋል።

አቶ ኑሩ፣ እርስዎን ቆሜ አልሸኘሁዎትምና አሁን ልሸኝዎት። በእርስዎ ወግ፣ አላህ መቃብርዎን ያስፋልዎት። በእኔም ወግ በየጸሎቴ አነሣዎታለሁ፤ ሁለቱን የሚሰማው አንድ ነው። ያ ቃል ተሰርዟል። በምትኩ «ሜካኒኩ መኪናው እንዳይነዳ አስጠንቅቀው ነበር» ተብሎ ተጽፏል፤ ሁለት ጊዜ ጮኽ ብሎ እንዲነበብ አድርጌያለሁ። ለእኔ ግን ይህ አልበቃኝም። ሰው ሲበተን አቶ አዳነን ደጅ ላይ አቆምሁትና «ታውቅ ነበር ወይስ አታውቅም? ታውቅ ከነበረስ በሕይወት ሳሉ ስለምን ዝም አልህ?» ብዬ ጠየቅሁት። እንዲህ ሲል መለሰልኝ፦

«አውቅ ነበር፣ እማማ። መጀመሪያ ዝናቡን ፈራሁ፤ ከዝናቡ በኋላ ደግሞ እናንተን ፈራሁ። ይቅርታ ልላቸው ስንት ጊዜ ተነሥቼ መጣሁ። በሩ ላይ ብቻቸውን ተቀምጠው ሳያቸው በሌላ መንገድ ዞሬ ሄድሁ።»