የቴክ አንድምታ

ሰሞኑን ጎረቤቴ አጥር ላይ ያሰጣችውን የበግ ቆዳ ዝናብ መታውና ሽታው በመስኮቴ ገባ። ሌላ ሰው አፍንጫውን ይዞ መስኮቱን ይዘጋ ነበር። እኔ ግን ወለል አድርጌ ከፈትኩት። ደበሎ ለብሰው በደጃችን የሚማሩት የአባቴ ደቀ መዛሙርት ዝናብ ሲነካቸው እንዲህ ነበር የሚሸቱት። በዚያ ሽታ መሀል ቆሜ አንዲት የእንግሊዝኛ ቃል አነበንብ ነበር፤ የዕድሌ ነገር በእሷ የተንጠለጠለ ይመስለኝ ነበር።

አባቴ እስቴ ውስጥ፣ ከመካነ ኢየሱስ ብዙም በማይርቅ ደብር የመጻሕፍት መምህር ነበሩ። አገሩ ሁሉ የኔታ ይላቸዋል። እኔን ሴቷን የመንግሥት ትምህርት ቤት ሲያስገቡኝ ያላጉረመረመ አልነበረም። ስምንተኛ ክፍል ስደርስ ደግሞ ከስማዳ ሽማግሌ ተላከ። የልጁ አባት ባለብዙ ጥማድ ነው አሉ። እናቴ፣ "ቆማ ቀር ልታደርጓት ነው?" እያለች ታለቅሳለች። አባቴ በመጨረሻ ለሽማግሌዎቹ፣ "ሚኒስትሪው ይለይላት። ካለፈች ደብረ ታቦር ሄዳ ትማራለች፤ ከወደቀች ልጅቱ የናንተ ናት" ብለው ሸኟቸው። ልጁን አይቼው አላውቅም። ደግ ይሁን ክፉ እንጃለት። እኔ የማውቀው ደብረ ታቦር ሄጄ መማር እንደምፈልግ ብቻ ነው።

እንግሊዝኛ አስተማሪያችን ከጎንደር የመጣ ቀጭን፣ ቁጡ ወጣት ነበር። አንድ ቀን ሰሌዳው ላይ "ቴክ" የምትለዋን ቃል ጻፈና ጠመኔውን ከእጁ አራገፈ።

"ይቺ ቃል አምና ስንቱን ጥላለች! ወሰደ ማለት ብቻ እንዳትመስላችሁ።"

መድኃኒት ሲዋጥም ቴክ፣ አውቶቡስ ሲሳፈሩም ቴክ፣ ፎቶግራፍ ሲነሣም ቴክ፣ መንገድ ጊዜ ሲፈጅም እሷው ናት። ትንሽ ቃል ሲያስጠጉባት ደግሞ ልብስ ማውለቅ ትሆናለች። እሱ እየጨመረ በሄደ ቁጥር ደብረ ታቦር እየራቀችብኝ ሄደች።

ቤት ገብቼ ጭንቀቴን ለአባቴ ስነግራቸው እሳቸው ጭራሽ ፊታቸው በራ።

"እንዴ! የፈረንጁም ቋንቋ አንድምታ አለው በይኛ!"

ለአባቴ አንድ ትርጉም ብቻ ያለው ንባብ ድሀ ንባብ ነው። አንዱን ተርጉመው "አንድም" ብለው ሁለተኛውን፣ አሁንም "አንድም" ብለው ሦስተኛውን ያወርዱታል። ሁሉም እውነት ነው፤ ከአባቶች የተቀበሉት አንዱም አይጣልም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከሰዓት በኋላ የትምህርቱ ጉባኤ ሲያበቃ ተማሪዎቻቸው ፊት ያቆሙኝ ጀመር።

"ቴክ፤ ወሰደ ሲል ነው" እላለሁ።

"አንድም?" ይላሉ አባቴ የዝንብ ጭራቸውን ከፍ አድርገው።

"አንድም መድኃኒት ዋጠ ሲል ነው።"

"አንድም?"

"አንድም ተሳፈረ ሲል ነው።"

አውቶቡስ በዓይናቸው አይተው የማያውቁት ደቀ መዛሙርት እየተቀበሉ ይሉታል። ደስ ይል ነበር፤ አልዋሽም። ለጥቂት ቀን እንቅልፍም ወሰደኝ።

ፈተናው ሲቃረብ አስተማሪያችን መለማመጃ ሰጠን። ስለ ረጅም ጉዞ በሚናገር ዓረፍተ ነገር ውስጥ ያቺ ቃል ገብታለች፤ ከሥሩ አራት ትርጉም ተደርድሯል። አራቱንም አውቃቸዋለሁ። አራቱንም ከበብኳቸው።

አስተማሪው ወረቀቴን ይዞ አጠገቤ ቆመ። "ምን ማድረግሽ ነው?"

"ሁሉም ትርጉሞቿ ናቸው፣ መምህር።"

"እዚህ ቦታ ላይ ትርጉሟ አንድ ብቻ ነው! ሦስቱን ጣያቸው። እንዲህ ከሆንሽማ ሰኔ ላይ ወድቀሻል።"

ማታውኑ ለአባቴ ነገርኳቸው።

"መጣል?" አሉ። ቆይተው ደግሞ፣ "እንግዲህ የሱ ጉባኤ ሥርዓት እንደዚያ ከሆነ እሱን ስሚ" አሉኝ።

ስሚ ማለት ቀላል ነው። ምላሴ ለምዶ የለም? አንዱን ትርጉም ስይዝ ሌሎቹ ተከታትለው ይመጡብኛል። የኔ ጭንቀት እንግሊዝኛ አለማወቅ መሆኑ ቀረና የማውቀውን መተው ሆነ።

ለፈተናው ደብረ ታቦር የሄድነው አባቴ እኔን በቅሎ ላይ አስቀምጠው፣ እሳቸው በእግራቸው ነው። መንገደኛው ሁሉ ዞሮ ያየናል። ልውረድ ብላቸው፣ "ጉልበትሽን ለነገ ያዥው" አሉኝ። በማግስቱ ክፍሉ ውስጥ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፤ ዙሪያው አዲስ ወረቀት ይሸታል። ያቺ ቃል መጣች። ከሥሯ አራት ትርጉም። "አንድም?" ይላል የአባቴ ድምፅ ጆሮዬ ውስጥ። "አንድም?" እርሳሴ ወደ ሁለተኛው ሄደ፤ መለስኩት። "ይበቃል አባባ፣ ስለ እመቤቴ ይበቃል" አልኩ በሆዴ። አንዱን ብቻ ከበብኩ።

አባቴ ከአጥሩ ውጭ ጋቢያቸው በስብሶ ቆመዋል። ቀናሽ ወይ ብለው አልጠየቁኝም።

"የቷን ያዝሽ?"

"ጊዜ ፈጀ የምትለዋን።"

"ሌሎቹንስ?"

"ተውኳቸው።"

ወደ በቅሎዋ ዞረው ኮርቻውን ሲያጠባብቁ ቆዩ። ከዚያም ጀርባቸውን እንደሰጡኝ፣ "ግድ የለም፤ እነሱን እኔ ይዤልሻለሁ" አሉ።

አለፍኩ። የስማዳ ሽማግሌዎች ቁርጡን ሰምተው ሄዱ፤ እናቴም ለብዙ ቀን አኮረፈችን። ደብረ ታቦር ገብቼ እንግሊዝኛው እየቀናኝ ሄደ። ያቺን ቃል መጽሐፍ ላይ ሳገኛት ቦታው የሚፈልገውን አንድ ትርጉም አንሥቼ አልፋለሁ። አባቴ ያረፉት አሥረኛ ክፍል ሳለሁ ነው። የሞላ ወንዝ አግዶኝ ለቀብራቸው አልደረስኩም።

ለቅሶው ላይ ከተማሪዎቻቸው አንደኛው ቀረብ ብሎ አጠገቤ ተቀመጠ።

"የኔታ እስኪታመሙ ድረስ ጉባኤው ሲያበቃ ያቺን የፈረንጅ ቃል ያስብሉን ነበር" አለኝ። "'ስትመጣ ትጠይቃችኋለች፤ እንዳትረሱባት' ይሉን ነበር።"

"እስቲ በለኝ" አልኩት።

ዓይኑን ጨፍኖ አንድ በአንድ አወረደልኝ፤ እኔ የረሳኋቸውን ሳይቀር።