ጨው የማይለቅ ጉድጓድ

ልጆቹ ናቸው ንገሪን ያሉኝ። ቧንቧው ከጠፋ ወዲህ ከግቢያችን ጉድጓድ የምንቀዳውን ውሃ ሳፈላ አይተው፣ «እምዬ፣ አረብ አገርም ጉድጓድ አለ እንዴ?» ብለው አፋጠጡኝ። አለ እንጂ። እኔን ያንገበገበኝ አንዱ አል ኾባር፣ አል ዐዚዚያ ውስጥ ነበረ።

ያኔ ልጅ ነኝ፤ ከወሎ ከወጣሁ ዓመት አልሞላኝም። የካፊሌ፣ የአሠሪዬ ማለት ነው፣ እናት ማማ ሙኒራ፣ ሟች ባሏ ካስቆፈረው የግቢው ጉድጓድ በቀር ሌላ ውሃ አይወርድላትም። በቦቴ የሚመጣውን ጣፋጭ ውሃ አትቀምሰውም። እዚያ ጣፋጭ የሚሉት ጨው የሌለውን ነው እንጂ ስኳር ገብቶበት አይደለም። የጉድጓዱ ግን፣ ባሕሩ ቅርብ ስለሆነ ነው መሰለኝ፣ ጨው ጨው ይላል።

አንድ ቀን ሆዷን አሟት ሐኪም ቤት ደርሳ ተመለሰች። ማዳም፣ የካፊሌ ሚስት፣ ወጥ ቤት ገብታ፣ «ውሃዋን አፍልተሽ ስጫት። ዳግም ከታመመች፣ ወይ አልጠጣም ካለች፣ ኸላስ፣ ወደ መክተብ እመልስሻለሁ» አለችኝ። መክተብ የሚሉት እኛን የሚያስቀጥረውን ቢሮ ነው። የተመለሰች ልጅ ከዚያ ወዲያ የት እንደምትጣል አይታወቅም።

እኛ አገር ውሃ ከፈላ አለቀለት። አፈላሁ፣ በነጠላ አጠለልሁ፣ አቀዘቀዝሁ። ማማ ሙኒራ ቀመሰችና ፊቷን አጨማደደች።

«ጨው አለው።»

«ማማ፣ ፈልቷል እኮ።»

«ከትናንቱ ብሷል።»

በደንብ አልፈላም ማለት ነው ብዬ ግማሹ እስኪያልቅ አንተከተክሁት። ጭራሽ ባሰ። ድስቱ ውስጡ ኖራ የተቀባ መሰለ፤ ብፈገፍገው ብፈገፍገው አይለቅም። ቴምር የሚበስልበት ሙቀት ነው፣ ልብስ ገላ ላይ ይጣበቃል። እሷ ዓሣና ሩዟን በልታ ትቀመጣለች፣ ከንፈሯ ደርቋል፣ ብርጭቆውን በጣቷ ገፋ ታደርገዋለች።

የቤቱ ሹፌር ጋሽ ሰይድ የአገሬ ሰው ነው። በወጥ ቤቱ በር ብቅ አለና፣ «አንቺ ሰዓዳ፣ ሾርባ ነው የምትሠሪው?» አለኝ።

«አንቱ ይሳቁ። የምመለሰው እኔ ነኝ።»

«እሳት ጀርሙን ይገድላል እንጂ ጨው መች ያወጣል? የሚተነው ውሃው ነው፤ ጨዉማ እዚያው ቁጭ ብሏል። የቦቴውን አፍይላት።»

«አትጠጣማ።»

«በጉድጓዱ ባልዲ ይዘሽው ግቢያ።»

እንዳለኝ የቦቴው ውሃ ከሚጠራቀምበት ታንከር ቀዳሁ፣ በጉድጓዱ በኩል ዞሬ ገባሁ፣ ዓይኗ እያየ አፈላሁ። ብርጭቆውን ጭልጥ አደረገችና፣ «አየሽ፣ የባሌ ጉድጓድ እንዲህ ነው» አለች። ደስ ሊለኝ ሲገባ ቅጥል አልሁ። ያ ሁሉ ፍግፈጋ ለዚህ ነው?

ከዚያ ወዲያ ኹሩጅ፣ የመውጫ ቪዛ፣ ተመትቶልኝ አገሬ እስክገባ ድረስ ኑሮዬ ድብብቆሽ ሆነ። ግራ ቀኝ አያለሁ፣ ከተሰጣው ልብስ ኋላ እሸጎጣለሁ፣ ባልዲውን በጥላዬ ከልዬ እሮጣለሁ። ልጆቹ ይኼን ስነግራቸው በሳቅ ፈረሱ። ይሳቁ፤ ክንዱ የዛለው የእኔ ነው።

ስንትና ስንት ዓመት ቆይቶ ደሴ ለቅሶ ቤት ከጋሽ ሰይድ ጋር ተገናኘንና ነገረኝ። ማማ ሙኒራ ገና በመጀመሪያው ቀን ከታንከሩ ስቀዳ በመስኮት አይታኛለች። ውሃው እስኪቀዘቅዝ እሱን ጠርታ ብትጠይቀው የመክተቡን ነገር አወጣላት። «ልጅቷን ከሚመልሷት እጠጣዋለሁ» ብላዋለች፣ «እንዳትነግራት።»