ቡርግል አሮጌውን ሰሌዳ ሳታይ አዲስ አትሸጥም

በኦስትሪያ ተራሮች መካከል ባለችው መንደራችን የበረዶ መንሸራተቻ ሰሌዳ የምትሸጠው ቡርግል ሠላሳ ዓመት ሙሉ ለደንበኛ ወሬ ጆሮ ሰጥታ አታውቅም። አሮጌ ሰሌዳውን ገልብጣ አይታ ትፈርዳለች።

ባለፈው ቅዳሜ አንድ የቪየና ጠበቃ መጣ። እንዲህ ያለውን ጉረኛ በረዶ በጣለ ቁጥር እናየዋለን።

«እኔ ጀማሪ አይደለሁም» አለ ገና ከበሩ። «ለተደለደለው ቁልቁለትም፣ ለጥልቅ በረዶም፣ ለጫካም የሚሆን አንድ ሰሌዳ ይስጡኝ።»

«አሮጌውን አምጣ» አለችው። እኛ ተራራ ላይ አንቱታ አናውቅም፤ እሱ ግን ፊቱ ቀላ።

ሰሌዳውን ከእጁ ተቀብላ ጠረጴዛ ላይ ገልብጣ የብረት ጠርዞቹን በጣቷ ዳሰሰች። በተረከዝ በኩል ያለው ተበልቶ አልቋል። በእግር ጣት በኩል ያለው ከፋብሪካ እንደወጣ ነው።

«ስንት ዓመት ተንሸራተትክበት?»

«አሥራ ሁለት» አለ ደረቱን ነፍቶ።

«አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ አንዴም ወደ ጣትህ ሳትታጠፍ በተረከዝህ ፍሬን ይዘህ ነዋ የወረድከው።»

ጠበቃው ግድግዳው ላይ ወዳለው ውድ ሰሌዳ ጠቆመ። «ያኛውስ የትም ይሄዳል?»

«እሱማ ይሄዳል። የማትሄደው አንተ ነህ» አለችና አሮጌውን መልሳ አስታቀፈችው። «ያልተነካውን ጠርዝ ጨርሰህ ተመለስ። የሕፃናቱ የመንሸራተት ትምህርት ነገ ጠዋት ሦስት ሰዓት ይጀምራል።»