በቀን ሁለቴ ምሳ የሚበላበት ቤት

ከቤት የወጣሁበት ምሽት እሁድ ነበር፤ እሁድ ደግሞ እኛ ቤት ቴሌቪዥን አይጠፋም። በሌላውም ቀን አይጠፋም፣ እሁድ ግን ጭራሽ ድምፁ ይጨመራል። ሻንጣዬ በር ላይ ቆሟል፣ ጎረቤት ሶፋውን ሞልቶታል፣ እናቴ በአንድ ዓይኗ እኔን፣ በሌላው የመዝናኛ ፕሮግራሙን ጥያቄና መልስ ታያለች። ልቅሶው የተጀመረው ማስታወቂያ ሲገባ ነው፤ ማስታወቂያው ሲያልቅ ረገብ አለ። እውነቴን ነው! አጎቴ ሊመርቀኝ ተነስቶ "እግዚአብሔር በሄድሽበት..." ብሎ ሲጀምር አንዱ ተወዳዳሪ ቀላሏን ጥያቄ ሳታትና ምርቃቴ መሃል ላይ "ወይ ደንቆሮ!" ገባበት። እስከ ዛሬ አሜሪካ ውስጥ የሆነ ነገር ሲጣመምብኝ በዚያ ምርቃት ላይ ነው የማላክከው። ታክሲው ድረስ የወጣችው ታናሽ እህቴ ሰላም ብቻ ነበረች። የሹራቤን ዚፕ እስከ አገጬ ድረስ ዘጋችልኝና ቆመች። መኪናው ሲንቀሳቀስ ከኋላዬ የተሰማኝ የቴሌቪዥኑ ጭብጨባ ነው።

ሳን ፍራንሲስኮ ስደርስ የጉምሩኩ ሰውዬ ሻንጣዬን ከፍቶ የሽሮውን ከረጢት በጓንት አንጠለጠለው።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"ሽሮ።"

"ምን ያደርጋል?"

"ይበላል።"

"ይሄን ሁሉ ልትበይው?"

"ታዲያ ልታጠብበት ነው?" ልለው አሰብኩና እንግሊዝኛው ስላልመጣልኝ ሳቅኩ። ሰውዬው በጣም አዝኖልኝ አሳለፈኝ።

ሳን ሆዜ የምትኖረው የአጎቴ ልጅ ተቀበለችኝ፤ "እንደ ቤትሽ" አለችኝ፣ እኔም እንደ ቤቴ ሶፋው ላይ ከረምኩ። ትንሽ ቆይታ ጠዋት ጠዋት ቫኪዩም መጥረጊያውን እግሬ ሥር ማስጮህ ስትጀምር ነገሩ ገባኝ። አገር ቤት እንግዳ ሲሰለች ፊት ይጠቁርበታል፤ እዚህ በኤሌክትሪክ ነው። ኦክላንድ አንድ ሆቴል ውስጥ አልጋ የማንጠፍ ሥራ እንዳገኘሁ ክፍል ፍለጋ ወጣሁና አቴ ቤቢ እጅ ላይ ወደቅኩ።

አቴ ቤቢ ፊሊፒናዊት ነርስ ናት። "አቴ" እነሱ ዘንድ እንደኛ እትዬ ነው። ስልሳ ዓመት የሞላት ሴት ቤቢ ስትባል አልሳቅኩም፤ እኛ ሰፈርም ሽበታሙ ማሙሽ ነበረ። በሩን የከፈተችልኝ ደረቅ ዓሣ እየጠበሰች ነው፤ ጭሱ ዓይኔን አስለቀሰኝ።

"ምግብሽ ይሸታል?" አለችኝ፣ በቁም ነገር።

"ትንሽ" አልኩ እንባዬን እየጠረግኩ።

"ጎረቤት እንዳይከሰን ነው። ሌላው ደግሞ፣ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ጀምሮ ሳሎኑ የእናቴ ነው። ቻናል መቀየር የለም፣ ድምፅ ቀንሱ የለም። እኔ ሆስፒታል ናይት ሺፍት ነኝ፤ አብረሻት ከተቀመጥሽ ኪራዩን ቀነስ አደርግልሻለሁ።"

ቴሌቪዥን በማይጠፋበት ቤት ላደገ ሰው ይሄ ቅጣት አይደለም። ተስማማሁ።

እናትየው ሎላ ሉዝ ትባላለች፤ ሎላ ማለት አያት ነው። አንቱ ልላት ፈልጌ ነበር፣ እንግሊዝኛው አንቱታ የለውም፤ በዚያው ለመድኳት። ሎላ ሉዝ የምታየው የአገሯ የመዝናኛ ፕሮግራም ማኒላ ላይ የሚተላለፈው በቀትር፣ ምሳ ሰዓት ላይ ነው። ማኒላ ቀትር ሲሆን ደግሞ ኦክላንድ ገና የዋዜማው ምሽት ነው። ሎላ ሉዝ ግን ፕሮግራሙን ያለ ምሳ አይታው አታውቅምና በቀን ሁለቴ ምሳ ትበላለች፤ አንዱን እንደ አሜሪካ፣ አንዱን እንደ ፕሮግራሙ። ራት የሚባል ነገር እዚያ ቤት የለም።

የፕሮግራሙን ታሪክ በማስታወቂያ ማስታወቂያ ከፋፍላ ነው የነገረችኝ። የተጀመረው እሷ ወጣት እናት ሳለች ነው። ሦስት ቀልደኞች፣ አንድ ጠባብ ስቱዲዮ፣ ማንም ተስፋ ያልጣለበት ሰዓት፤ "ምሳ እየበላ ማን ቲቪ ያያል?" ተብሎ ነበር አሉ። ሰፈሩ ውስጥ ቴሌቪዥን ያለው የነሱ ቤት ብቻ ስለነበር ሰዉ መስኮት ላይ ተንጠልጥሎ ያያል። ታናሽ እህቷ ኮራ የመስኮቱ ዘበኛ ሆና ሙዝ ያመጣውን ከፊት፣ ባዶ እጁን የመጣውን ከኋላ ታቆማለች። ፕሮግራሙ ውስጥ ይዘፈናል፣ ይደነሳል፣ ቆንጆ ይመረጣል፣ አስቀያሚም ይመረጣል። አቅራቢዎቹ ካሜራ አስከትለው ሳይታሰብ አንድ ደሳሳ ቤት ይገቡና የቤቱን እመቤት በቢጃማዋ ይሸልሟታል። እሷም ትስቃለች፣ ታለቅሳለች፣ የሚያማትን ሁሉ ትናገራለች፤ አቅራቢዎቹ አብረው እንባቸውን ይጠርጉና ወዲያው ወደ ጭፈራ። እኔ መጀመሪያ "ይሄ እብደት ነው" አልኩ። በሦስተኛው ሳምንት አብሬ ሳለቅስ ተያዝኩ።

መንግሥት ተገለበጠ፣ ፕሮግራሙ አለ። እሳተ ገሞራ ፈነዳ፣ ፕሮግራሙ አለ። ከአንዱ ጣቢያ ወደ ሌላው እንደኛ ኪራይ ቤት ሲቀያይር ኖሯል፣ ግን በቀትር ከች ይላል። ሎላ ሉዝ አሜሪካ የመጣች ሰሞን ያንገበገባት ከኮራ መለየቷ ሳይሆን ከፕሮግራሙ መለየቷ ነበር፤ ይሄን ያለችው ራሷ ናት። በኋላ ጣቢያው እዚህም መታየት ሲጀምር እህትማማቾቹ አንድ መላ አገኙ። ኮራ እዚያው አገር ቤት ባታንጋስ፣ ሎላ ኦክላንድ ሆነው ያያሉ፤ ማስታወቂያ ሲገባ ይደዋወላሉ። የታመመው፣ የተዳረው፣ የሞተው ሁሉ በማስታወቂያ ሰዓት ነው የሚወራው። ለዓመታት እንዲህ አብረው ምሳ በሉ።

ከዚያ ፕሮግራሙ ተሰነጠቀ። አንጋፋዎቹ አቅራቢዎችና ባለቤቶቹ ሳይስማሙ ቀሩና አንጋፋዎቹ ወደ ሌላ ጣቢያ ሄዱ። በቀድሞው ጣቢያ አዲስ ልጆች ተተኩ፤ ስሙ የማን ነው የሚል ክርክርም ተነሳ። ዝሆኖች ሲጣሉ የሚጎዳው ሳሩ ነው እንዲሉ፣ እዚህ ቤት የተጎዳችው ሎላ ሉዝ ናት። እሷ አንጋፋዎቹን ተከትላ ሄደች። ኮራ ከቀድሞው ጣቢያ ጋር ቀረች፤ "አዲሶቹም ምንም አይሉም" አለች። ሎላ ሉዝ "ከሃዲ!" ብላ ስልኩን ዘጋች። እኔ ስገባ ከተዘጋጉ ሁለት ዓመት ሊሞላቸው ነበር። ሎላ ሰማንያን አልፋለች፣ ልቧ ውስጥ ባትሪ ተቀብሮላታል። በየምሽቱ ማስታወቂያ ሲገባ እጇ ወደ ስልኩ ይሄዳል፣ ይቆማል፣ ይመለሳል። ያንን እጅ ማየት በጣም ከበደኝ። ሳይታረቁ አንዳቸው እንዳይሞቱ ፈራሁ፤ ሌላ ምንም አልነበረም የሚያስጨንቀኝ።

አቴ ቤቢን ስጠይቃት "ቴራፒስት ፈልጌላት ነበር፣ አባረረችው" አለችኝ። ቴራፒስት! እኛ እኮ ለዚህ ሽማግሌ አለን። እሁድ ከቅዳሴ ስወጣ ጋሽ ታደሰን ያዝኳቸው። ጋሽ ታደሰ የኤርፖርት ሹፌር ነበሩ፤ ጡረታ ከወጡ ወዲህ ያላስታረቁት ባልና ሚስት ከኦክላንድ እስከ ሳንታ ክላራ የለም።

"የቲቪ ፕሮግራም ለሁለት ተከፍሎ እህትማማች ተጣላ ነው የምትይኝ?" አሉኝ ሳቃቸው እየመጣ።

"ጋሼ፣ የእኛስ ደብር ለሁለት ሲከፈል ምን ሆንን?"

ሳቃቸው ቆመ። ደብሩ በቦርድ ምርጫ ከተከፈለ ወዲህ እሳቸውና የልብ ወዳጃቸው ጋሽ አሰፋ ሰላምታ የላቸውም፤ አንዱ እዚህ ያስቀድሳሉ፣ ሌላው ሳን ሊያንድሮ። ጋሽ ታደሰ ነጠላቸውን አስተካከሉና፦

"ሽማግሌ በወጉ ሦስት ነው። አሰፋን ኮል አድርጊለት። እኔ እንዳልኩሽ ግን እንዳትነግሪው" አሉኝ።

ረቡዕ ምሽት መጡ። ጋሽ ታደሰና ጋሽ አሰፋ ጥቁር ሱፍ ለብሰው ነጠላ ደርበው በአንድ መኪና፤ በሌላ መኪና የተከተላቸው ሦስተኛው ሽማግሌ ፓርኪንግ ሲፈልግ ቀረ፣ እስከ መጨረሻውም አልመጣም። የዚያን ምሽት ተረኛ ያልነበረችው አቴ ቤቢ በሩን ስትከፍት ከቀብር አስፈጻሚ የመጡ መስሏት ደረቷን ያዘች። ሎላ ሉዝ ግን ከሶፋዋ ቀና ብላ ከላይ እስከ ታች ስታያቸው ቆየችና፦

"ለኔ የመጣው የትኛው ነው?" አለች። እነሱም አገር ለካ ሴት የሚጠየቀው እንዲህ ተለብሶ ነው።

ጋሽ ታደሰ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "እናታችን፣ እህትዎን ይቅር እንዲሉልን ልንለምን ነው የመጣነው። እሺ ካላሉን አንቀመጥም።"

"ቁጭ በሉ፣ ምግቡ ቀርቧል።"

"አንቀመጥም።"

"ካይን! ካይን!" አለች ሎላ፤ ብሉ ማለት ነው። "ትንሽ ቅመሱ!"

"እሺ ሳይሉን እህል አንቀምስም" አሉ ጋሽ አሰፋ።

ሽማግሌ እሺ ሳይባል እንደማይቀመጥ እናውቃለን፤ ቆመው ያደሩም አሉ። ሎላ ሉዝ አገር ደግሞ እንግዳ በቆመበት አስተናጋጅ መብላት ትልቅ ነውር ነው። የፕሮግራሙ መክፈቻ ዘፈን ጀመረ፣ ሩዙ ይጨሳል፣ ሎላ ማንኪያዋን ታነሳለች፣ ቀና ስትል ሁለቱ እንደ ዋርካ ቆመዋል፣ ማንኪያውን ታስቀምጣለች። አቴ ቤቢ ወንበር አመጣች፣ አልተቀመጡም። ውሃ አመጣች፣ አልጠጡም። ሎላ ፊቷ ቀላ።

"ይሄ እኮ ማስገደድ ነው!" አለችኝ።

"አዎ" አልኳት።

ማስታወቂያ ሲገባ ሎላ ሉዝ "በሉ ደውሉላት! ብቻ ምሳዬን ልብላበት!" ብላ ስልኩን ወረወረችልኝ።

በቪዲዮ ደወልኩ። ኮራ ብቅ አለች፤ ትንሽ ፊት፣ ሽበት፣ ከጀርባዋ መስኮት። ከእህቷ ኋላ የቆሙትን ሁለት ጥቁር ሱፎች ስታይ ጮኸች።

"ሉዝ! ማን ሞተ?"

"እስካሁን ማንም!" አለች ሎላ ፊቷን አዙራ።

ጋሽ አሰፋ ስልኩን በአክብሮት ተቀበሉኝ። "እህታችን፣ የከሳሽን ሰምተናል፣ የእርስዎን ደግሞ እንስማ። ለምንድን ነው የድሮዎቹን ትተው ከአዲሶቹ ጋር የቀሩት?"

ኮራ ተነስታ ወጣችና ስልኩን ወደ ጣሪያዋ አዞረችው። የአንቴናው እንጨት ተሰብሮ በልብስ ማስጫ ገመድ ታስሯል።

"አውሎ ነፋሱ ከሰበረው ጀምሮ የሚይዝልኝ አንድ ጣቢያ ብቻ ነው" አለች። "እኔ ምን መረጥኩ? የመጣልኝን ነው የማየው።"

ሎላ ሉዝ ስልኩን ከጋሽ አሰፋ እጅ ነጠቀች። "ለምን አልነገርሽኝም?"

"ብነግርሽ ትልኪልኛለሽ።"

"አዎ እልክልሻለሁ! አንቴናም፣ ቲቪም!"

"እኮ። ጫማ ላክሽ፣ ሳሙና ላክሽ፣ የታሸገ ሥጋ ላክሽ። እኔ ለአንቺ ከሙዝ ሌላ ምን ሰጥቼሽ አውቃለሁ? የሚላክላት እህት መሆን ሰለቸኝ፣ ሉዝ። የተጣላሽኝ እህት ብሆን ይሻለኛል።"

ነገሩ እኔንም ነካኝ፤ በየሳምንቱ ቤት ስደውል ከአፌ መጀመሪያ የሚወጣው "ምን ልላክላችሁ?" ነው።

ሎላ ሉዝ ይቅርታ አልጠየቀችም፣ ኮራም አልጠየቀቻትም። ስልኩን የሩዝ መቀቀያው ላይ አስደግፋ ፊቱን ወደ ቴሌቪዥኑ አዞረችው። ኮራ እስከዚያ ቀን ድረስ ስልክ ለመነጋገሪያ እንጂ ፕሮግራም ለማያ አይሆንም ስትል የኖረች ሴት ናት።

"ይታይሻል?"

"ግማሹን መብራቱ ሸፈነው። ወደ ግራ አድርጊው።"

"አሁንስ?"

"አሁን ታየ። ያ ቀጫጫው አርጅቷል!"

"አንቺስ?" አለች ሎላ፣ ሁለቱም በሳቅ ፈነዱ።

ሽማግሌዎቹ ተቀመጡ። አቴ ቤቢ እያለቀሰች ሳህናቸውን በአሳማ ሥጋ ሞላችው። ቀኑ ረቡዕ፣ ጾም ነው፤ ጾም ባይሆንስ አሳማ ማን ይበላል? ጋሽ ታደሰ ሥጋውን በማንኪያ ወደ ዳር እየገፉ ነጭ ሩዙን ጎረሱ፤ ከዚያ ሌላ ማንኪያ ሞልተው "በሞቴ" ብለው ጋሽ አሰፋን አጎረሷቸው። ስለ ደብሩ አንድም ቃል አልተነጋገሩም። ሲሄዱ ግን በመስኮት አየኋቸው፤ መኪናው ውስጥ ገብተው ሞተሩን ሳያስነሱ ብዙ ተቀመጡ።

እኔ ወደ ቤት ደወልኩ። አዲስ አበባ ማለዳ አንድ ሰዓት አልፏል፣ በነጋታው። ሰላም አነሳች። "ምን ልላክ" ምላሴ ላይ ነበረች፣ መለስኳት። "እንዴት ናችሁ?" አልኩ።

"ደህና ነን፣ ምንም አልጎደለብንም" አለችኝ፣ እንደ ሁልጊዜው።

ያን ጊዜ ነው ያዳመጥኩት። ከድምፅዋ ኋላ ምንም አይሰማም። ዶሮ ጮኸ፣ መኪና አለፈ። ወደዚያ ቤት ስደውል ከኋላ ቴሌቪዥን ሳይሰማኝ ቀርቶ አያውቅም፤ ወይስ ዝምታው ቆይቷል፣ እኔ ነኝ ሳወራ ያልሰማሁት?

"ቲቪው የለም እንዴ?"

"እማዬ እንዳትነቃ አጥፍቼው ነው።"

እናቴ ጎህ ከቀደደ ተኝታ አታውቅም። ተሰብሯል? ታማለች? ልጠይቃት አፌን ከፈትኩና ኮራ ትዝ አለችኝ።

"ሰላምዬ፣ የሰው አገር ፕሮግራም ላሳይሽ?"

"በጠዋቱ?"

"እዚህ ራት ነው። እነሱ ዘንድ ምሳ ነው።"

"እብድ" አለችኝ፣ ግን አልዘጋችውም።

ስልኬን ወደ ቪዲዮ ቀይሬ ከሎላ ሉዝ ስልክ አጠገብ አስደገፍኩት። አቅራቢዎቹ አንዲት ሴት ቤት ገብተው ሩዝ እየሸለሟት ነበር። ሰላም አንድም ቃል ሳይገባት ሳቀች። ኮራ "ያቺ የምትስቀው ማን ናት?" ብላ ጠየቀች፤ ሎላም "ታናሿ ናት" አለቻት። ከዚያ ሙዚቃው ተቋረጠ፣ ስክሪኑ ላይ የሳሙና አረፋ ሞላ፣ ሁለቱ አሮጊቶች በቋንቋቸው ማውራት ጀመሩ።

"ማስታወቂያ ገባ?" አለችኝ ሰላም።

"ገባ" አልኳት።

አፍንጫዋን ስትስብ ተሰማኝ፤ "እማዬ እኮ..." ብላ ጀመረች። ማስታወቂያው ረጅም ነበር።