ሳላገባ አላገባም

ግልፍተኛ ነኝ። ሌላ ሰው ከሚናገርብኝ ብዬ ነው አስቀድሜ የምናገረው። ስወለድ እንኳ አዋላጇን በእግሬ መትቻታለሁ ይባላል፤ እውነት ይሁን ውሸት የሚመሰክር ሰው ዛሬ በሕይወት የለም። አሁን ጥርሴ ረግፎ፣ ወገቤ ጎብጦ፣ ከእሳት ዳር ተቀምጬ ሳስበው፣ ከአፌ ካመለጡኝ ቃላት ሁሉ ያን የገና ዕለት ያመለጠኝን የሚያህል የለም።

ነገሩ የሆነው ንጉሡ ከአንኮበር ጠቅልለው ወደ እንጦጦ ሳይሄዱ ነው። እኛ የምንኖረው ከደብረ ብርሃን ወደ አንኮበር በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ብርዱ አጥንት ድረስ በሚዘልቅበት ደጋ ላይ ነበር። መንደራችን ላይ ቤትና ታች ቤት ተብሎ ለሁለት ይከፈላል። ዓመቱን ሙሉ በደቦ አብረን እናርሳለን፣ አብረን እንቀብራለን፤ ገና ሲመጣ ግን ቆልማማ ዱላችንን ይዘን መስክ እንወጣና እንደ ደመኛ እንተያያለን። ጨዋታው ቀላል ነው። ከወይራ ሥር የተጠረበች፣ ጡጫ የማትሞላ ሩር አለች። እሷን በዱላ እየመቱ እየነዱ፣ በባላጋራ ድንበር ላይ ባሉት ሁለት ድንጋዮች መካከል ማግባት ነው። ቀድሞ ያገባ አሸነፈ። ሩሯ እስክትገባ ድረስ በሌላ አትለወጥም። ጭቃ ውስጥ ብትወድቅ ከጭቃው፣ እሾህ ውስጥ ብትወድቅ ከእሾሁ፣ ካረፈችበት ትመታለች እንጂ በእጅ አትነሣም።

እኔ የላይ ቤት ነኝ። የታች ቤት አለቃ የወደፊት አማቴ ነበሩ። ልጃቸው ለእኔ ታጭታ፣ ሠርጉ ለአስተርእዮ ማርያም ማግስት ተቆርጦ፣ ለጠላው ጌሾ እየተወቀጠ ነበር። ልጅቱን በደንብ አይቻት አላውቅም። የታጨች ልጅ ከእጮኛዋ ትሸሸጋለች፤ ወጉ ነው። ውሃ ስትቀዳ ሁለት ጊዜ ከሩቅ አይቻታለሁ፣ ሁለት ጊዜም ሌሊቱን እንቅልፍ አጥቻለሁ።

አማቴ ተረበኛ ናቸው። በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ ይባላል፤ በዚያ ቀን ጌታውም ቢሰደብ ይስቃል እንጂ አይቀየምም። እሳቸው ደግሞ ጌታም ሆነው ተሳዳቢም ናቸው። ጨዋታው ሊጀመር ሲል በሰው ሁሉ ፊት፣

«አንተ ልጅ፣ ካቻምና አላገባህ፣ አምና አላገባህ። ሩር ማግባት ያቃተው ልጄን እንዴት አድርጎ ሊያገባ ነው?» አሉኝ።

ሰው ሳቀ። የገዛ ወንድሜ ሳይቀር ሳቀ። ደሜ ፈላ። ሩሯን ከመሬት አነሣሁና ከፍ አድርጌ፣

«ንጉሥ ይሙት! ይህችን ሩር ሳላገባ ልጅዎንም አላገባም!» አልኩ።

በንጉሥ ሞት ምሎ ቃሉን ያፈረሰ ሰው ምን እንደሚያገኘው ሁሉም ያውቃል። አማቴ ሳቃቸው ፊታቸው ላይ ደርቆ ቀረ። መቆጣት አማራቸው፤ ግን ገና ነው፣ በምን አፋቸው ይቆጡ።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሩሯ እግሬ ሥር መጣች። ከፊቴ ማንም የለም፤ ሁለቱ ድንጋዮች ወለል ብለው ይታዩኛል። ባለ በሌለ ኃይሌ መታኋት። ዱላዬ ዘንበል ብሎ ኖሮ ሩሯ ወደ ግራ በረረች፣ ከመስኩ ዳር የምትኖር የአንዲት ባልቴት ደጃፍ ድንጋይ ላይ ነጠረችና በተከፈተው በር ገባች። ተግተልትለን ተከተልናት። ከበሩ አጠገብ፣ ገለባ በተነጠፈበት እንቅብ ውስጥ አንዲት ገብስማ ዶሮ እንቁላል ታቅፋለች። ሩሯ ከፊቷ አርፋለች። ዶሮዋ አንዴ እኛን፣ አንዴ ሩሯን አየችና በምንቃሯ ሳብ አድርጋ ከሆዷ ሥር ከተተቻት።

ዱላዬን ወደ እንቅቡ ስሰድ ባልቴቲቱ ከጓዳ ብቅ አለችና «በሕግ አምላክ!» አለች።

ይህ ከተባለ እንኳን ሰው ወራጅ ውሃ ይቆማል። አርባ የምንሆን ወንዶች ዱላችንን እንዳነሣን ደርቀን ቀረን። ከኋላዬ የነበረው ሰው አንድ እግሩ የበሩ መድረክ ላይ፣ አንዱ አየር ላይ ነበር፤ እሱም እንደዚያው ቆመ።

«ልጆቼ፣ አሥራ አንድ ዶሮ ነበረኝ። ሸለምጥማጥ ጨረሰብኝ። የቀረችኝ ይህች ናት፤ ከታቀፈች ዛሬ ሦስተኛ ቀኗ ነው። ወንድ የነካው እንቁላል ደግሞ ይገማል። አንድ ዱላ እዚህ ቤት ቢገባ ንጉሥ ፊት ነው የምገትራችሁ» አለች።

ጭቅጭቁ ጀመረ። የእኛ ወገን ሩሯ ትውጣ አለ፤ የታች ቤት ካረፈችበት ትመታ አለ፤ ባልቴቲቱ ማንም ንክች አያደርጋትም አለች። እንዲህ ሲሆን የአገሩ ደንብ የታወቀ ነው፤ መንገደኛ ይያዝና ይፈርዳል። ዕድሉ የወደቀው አሞሌ ጨው ጭኖ ወደ አልዩ አምባ ገበያ በሚወርድ አንድ እስላም ነጋዴ ላይ ነበር። «በንጉሥ አምላክ ቁም፣ ፍረደን» ብለን የበቅሎውን ልጓም ያዝን። ሰውየው ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። እኔና አማቴ ኩታችንን አደግድገን ፊቱ ቆምን።

«ሩር ምንድን ነው?» አለ መጀመሪያ።

«እንጨት ነው» አልኩ።

«ይበላል?»

«አይበላም።»

«ታዲያ ምን ይሠራላችኋል?»

አርባ ሰው በአንድ ጊዜ ማስረዳት ጀመረ። ነጋዴው ጺሙን እየዳሰሰ፣ «ከሰው ቤት ገብቶ የታቀፈ ነገር ጥገኛ ነው። ዶሮዋ እስክትፈለፍል አይነካም። እስከዚያ ግን እንዳይለወጥ ከሁለቱም ወገን አንድ አንድ ሰው ይጠብቅ» ብሎ ፈረደ። በቅሎውን እየነዳም ወላሂ እንዲህ ያለ አገር አይቼ አላውቅም ሲል ሰማሁት።

ከላይ ቤት ጠባቂ እኔ ሆንኩ፤ መሐላው የእኔ ነዋ። ከታች ቤት አማቴ። የባልቴቲቱን በር እሳቸው በቀኝ እኔ በግራ ሆነን አሥራ ስምንት ቀን ጠበቅን። ጥምቀት ሲመጣ ታቦት ለመሸኘት እንኳ በተራ ነው የሄድነው።

መሐላዬን እንዲፈቱልኝ የነፍስ አባቴን አስጠርቼ ነበር። መስቀላቸውን አሳልመውኝ፣ «በእግዚአብሔር ምለህ ቢሆን ንስሐ ሰጥቼ እፈታህ ነበር። በንጉሥ ነው የማልከው፤ እሱ ከእኔ በላይ ነው» ብለውኝ ሄዱ።

ሳምንት ያህል እንዳለፈ አማቴ ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ ዓይናቸውን ከዶሮዋ ሳይነቅሉ እንዲህ አሉኝ።

«ስማ ልጄ። ጠላው ተጠንስሷል። የተጠነሰሰ ጠላ አይደፋም፣ የተጠራ ሰውም አይመለስም። እስከ ቀኑ ካላገባህ ከጫጫ ወንዝ ማዶ ያለው ሰውዬ በዚያው ዳስ ያገባታል። ልኬበታለሁ፤ እሺ ብሏል።»

ሰውየውን አውቀዋለሁ። ሁለት ሚስት ቀብሯል፤ የቀረው ጥርስ ከአንድ እጅ ጣት አይበልጥም። ያን ጊዜ የአማቴን ምሳ ይዛ የምትመጣ አንዲት በነጠላ የተሸፈነች ሴት አጠገባችን ቆማ ነበር። በየቀኑ ነው የምትመጣው። አገልግሉን ታስቀምጣለች፣ ትንሽ ትቆማለች፣ ትሄዳለች። እኔ ዶሮዋ ተነሥታ እንደሆነ ብዬ ዓይኔን ከእንቅቡ አልነቅልም ነበር። ዶሮዋ ክንፏን ባራገበች ቁጥር ልቤ ትራገባለች። እህል ስትጭር ጸለይኩላት፤ ስታስነጥስ ሌሊቱን አልተኛሁም።

በአሥራ ስምንተኛው ቀን ጫጩቶቹ ወጡ። ስምንት ናቸው። ባልቴቲቱ እልል አለች። ዶሮዋ ግን አልተነሣችም። ስምንቱን ልጆቿን በጀርባዋና በክንፏ ላይ እያንጠላጠለች ዘጠነኛውን፣ ሩሯን፣ መታቀፏን ቀጠለች።

ነጋዴው ሲመለስ እንደገና ያዝነው። አማቴ ቀርበው፣ «ዳኛው 'እስክትፈለፈል' ነው ያሉት። ሩሯ አልተፈለፈለችም» አሉ።

«እስክትፈለፍል ነው ያልኩት! ዶሮዋን ነው!» አለ ነጋዴው።

«እኛ የሰማነው እስክትፈለፈል ነው» አሉ የታች ቤት ሰዎች በአንድ ድምፅ። በአንዲት ፊደል ሁለት ቀን ተሟገትን። ነጋዴው አሞሌውን አራግፎ፣ በቅሎውን መስኩ ላይ ለቆ፣ ፀጉሩን እየነጨ ፈረደ፤ ዳኛ የጀመረውን ነገር ሳይጨርስ አይሄድምና። በሦስተኛው ቀን ዶሮዋ ራሷ ተስፋ ቆርጣ ተነሥታ ጫጩቶቿን ይዛ ወጣች። ሠርጉ ሁለት ቀን ቀርቶታል።

ላይ ቤትም ታች ቤትም ወጣ። ከጫጫ ማዶ ያለው ሰውዬ የላካቸው ሽማግሌዎችም የተሸለመች በቅሎ ይዘው መስኩ ዳር ቆመዋል። ሩሯ ካረፈችበት ትመታለችና ከእንቅቡ ውስጥ፣ በበሩ አሳልፌ፣ ወደ ድንጋዮቹ ልመታት ነው። አማትቤ መታሁ።

ጣ አለች። ሩሯ ከዶሮ ሆድ ሥር ሃያ ቀን ደርቃ ኖሮ ለሁለት ተሰነጠቀች። አንዱ ክፋይ እየተንከባለለ ሄዶ በሁለቱ ድንጋዮች መካከል ገባ። ሌላው እግሬ ሥር ቀረ።

ዳኛው ሄዶ ያኛውን አየ፤ ተመልሶ ይኸኛውን አየ። «ግማሽ አግብቷል» አለ።

«እኔ ግማሽ ልጅ የለኝም» አሉ አማቴ።

የጫጫው ሽማግሌዎች በቅሎዋን ወደፊት ሳብ አደረጓት። ዱላዬን ጥዬ ባልቴቲቱ ደጃፍ ላይ ተቀመጥኩ። አለቀስኩ፤ ይህንንም ሌላ ሰው ከሚናገርብኝ እኔው ልናገረው። የገዛ አፌ ነው የቀበረኝ።

ያን ጊዜ ያቺ ምሳ የምታመጣው ሴት ከሰው መካከል ወጥታ ዳኛው ፊት ቆመች። ነጠላዋን ከፊቷ ገለጥ አደረገች። እሷ ናት። ሰው ሁሉ አፉን ያዘ፤ የታጨች ልጅ ሸንጎ ፊት ስትቆም ታይቶ አይታወቅም።

«የማለው እሱ ነው። እሱ 'አላገባም' አለ። እኔ አላገባውም አላልኩም፤ አልማልኩም» አለች።

ዳኛው ከተቀመጠበት ተነሣ። «እሱ አያገባም፤ እሷ ታገባዋለች። አበቃ!» ብሎ አሞሌውን መጫን ጀመረ። አማቴ ሊናገሩ አፋቸውን ከፈቱ፤ የሚሟገቱባት ፊደል አጥተው መልሰው ገጠሙት።

ፍርዱ ፍርድ ነውና እንደ ቃሉ ተፈጸመ። በሠርጉ ቀን እኔ አልሄድኩም፤ እቤቴ በነጠላ ተሸፍኜ ጠበቅሁ። ሙሽራዋ ሚዜዎቿን አስከትላ መጥታ ወሰደችኝ። እናቴ ሴት ልጇን እንደምትድር እናት አለቀሰች። በቅሎ ላይ አወጡኝና ፊቴን ሸፍነው በመንደሩ መካከል ነዱኝ፤ የላይ ቤት ወንዶች ሁሉ ዳር ቆመው እየሳቁ ሲቃ ያዛቸው። ገና አልፏል፣ መቆጣት እችል ነበር። ግን ደስታዬ በልጦብኝ ቁጣው ጠፋብኝ።

ወንዙን ስንሻገር እሷ የበቅሎዋን ልጓም ይዛ ከአጠገቤ ትሄድ ነበር። ከነጠላው ሥር ሆኜ ቀስ ብዬ፣ «ያን ሁሉ ሰው ሳትፈሪ እንዴት ተናገርሽ?» አልኳት።

በአገራችን ሚስት ባሏን አንቱ ነው የምትለው። እሷ ግን ቀና ብላ እንኳ ሳታየኝ፣ «አባቴ ለሽማግሌ እሰጣታለሁ ሲሉህ አጠገብህ ቆሜ ነበር። በየቀኑ ቆሜ ነበር። አንተ አንድ ቀን እንኳ ከዶሮዋ ቀና አላልክም» አለችኝ።

ነጠላውን በገዛ እጄ ወደ ታች ሳብ አድርጌ ፊቴን ሸፈንኩ።