ጠርዙ የጎደለው ድንጋይ

ካሳ መርካቶ፣ ጎጃም በረንዳ ውስጥ ሃያ ስድስት ዓመት ሸክም ተሸክሟል። ኑግ፣ በርበሬ፣ ቆርቆሮ፣ የሙሽራ ቁም ሣጥን፤ ጀርባው የማያውቀው ዕቃ የለም። ዛሬ የሚሸከመው ራሱን ብቻ ነው፤ እሱም ከብዶታል። ወገቡ ከተቀጨ ሦስት ዓመቱ ነው። አንድ መጋዘን በር ላይ ዘበኛ ሆኖ ወጪ ገቢውን ሲያይ ይውላል። ሲቀመጥ ያመዋል፣ ሲነሣ ያመዋል። "እንዴት አደርክ?" ላለው ሁሉ "አለሁ" ይላል፤ አለሁ ማለቱም ራሱ ያደክመዋል።

ወገቡን የቀጨው ድንጋይ ነው። ከከተማው ዳር ያለው የጥንት ነገሥታት ግንብ ሲታደስ፣ ድንጋይ ወደ ፎቅ የሚያወጡ ሰዎች ከመርካቶ ተለቅመው ተወሰዱ። ካሳና የሸክም ጓደኛው ጀዋር አብረው ሄዱ። መርካቶ ውስጥ ተሸካሚ ሲደክመው "ዕቃውን አውርዱልኝ" አይልም። "አውርዱኝ" ነው የሚለው፣ ሰውየውና ዕቃው አንድ የሆኑ ይመስል። ካሳም የደረጃው ጫፍ ላይ፣ አንድ ሰፊ ጥርብ ድንጋይ እንደተሸከመ፣ ወገቡ ውስጥ የሆነ ነገር ቋ ሲል "አውርዱኝ!" ብሎ ጮኸ። ጀዋር ከኋላው ነበር፤ ግን እሱም ተሸክሟል፣ በምን እጁ ያውርደው? ድንጋዩ ተንሸራቶ ጠርዙ ተሸረፈ። ካሳ አጠገቡ ተዘረረ።

የሠራተኞቹ አለቃ ማሙሸት ሮጦ መጣና መጀመሪያ ያየው ድንጋዩን ነበር።

"በቃ፣ ይሄ ይጣላል። አንተም ከዛሬ ወዲያ እንዳትመጣ" አለ።

ክሬን ያላስመጡትን የበላዮቹን ደፍሮ አይናገር ነገር! አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ነው።

ካሳን ከሕመሙ ይበልጥ ያቃጠለችው ያቺ "ይጣላል" የምትል ቃል ናት። ሰው ወገቡን ለልጁ ይሰጣል፣ ለእንጀራው ይሰጣል፤ ለሚጣል ድንጋይ ግን እንዴት ይሰጣል? ሆድ ይፍጀው ብሎ ሦስት ዓመት ሲያብሰለስለው ኖረ። ግንቡ ሙዚየም ሆኖ ለሕዝብ መከፈቱን ሲሰማ ግን ጀዋርን ጠራው።

"ያ ድንጋይ ይኑር አይኑር ሄጄ ልየው። ከሌለም ልወቀውና ይውጣልኝ" አለው።

እሑድ ጠዋት ከአብነት ታክሲ ይዘው ሄዱ። ደርሰው ቲኬት እንደቆረጡ እግራቸው ሳያማክራቸው ዞሮ ጓሮ በር ወሰዳቸው፤ ድሮ ድንጋይ ይዘው የሚገቡበት እሱ ነዋ። ጥበቃው ቲኬታቸውን አየና ሳቀ።

"አባቶቼ፣ ጎብኚ እኮ የሚገባው በፊት በር ነው።"

"ወላሂ፣ ይሄ ቤት ፊት እንዳለው ዛሬ ገና መስማታችን ነው" አለ ጀዋር።

ውስጥ ሎዛ የምትባል አስጎብኚ ከሌሎች ጎብኚዎች ጋር ተቀበለቻቸው። ሌላው ሁሉ አንገቱን ቀና አድርጎ ጣሪያውን ሲያደንቅ፣ ካሳ ወለሉን እያየ ይከተላል። የተቀጨ ወገብ ቀና አያስብልም። ያኔም ቢሆን እዚህ ቤት ውስጥ ያየው የፊተኛውን ሰው ተረከዝ ብቻ ነበር። ከደረጃው ሲደርሱ ቆም፣ ቆም እያለ ወጣ። ያን ጊዜ ድንጋይ ተሸክሞ የወጣውን ዛሬ በባዶ ጀርባው አቃተው፤ አፈረም።

ላይ ሲደርስ ሰዎቹ ተሰብስበው መሬት መሬቱን ፎቶ ያነሣሉ።

"ይህን የተሸረፈ ድንጋይ ልብ በሉልኝ" ትላለች ሎዛ። "የጥንቱ ነው። በጦርነት ጊዜ በመድፍ ተመትቶ ነው ይባላል። ታሪክ ስለሆነ እንዳለ ተትቷል።"

ካሳ ሰዉን ገፋ ገፋ አድርጎ ገባ። ጎንበስ ማለት አላስፈለገውም፤ ጎብጦ ነው የሚኖረው። እሱ ነው። ጠርዙ ላይ የጎደለችው ያቺው መዳፍ የምታክል ቦታ ናት፤ ተዘርሮ አምቡላንስ እስኪመጣ ሲያያት ነው የቆየው።

"አልጣሉትም" አለ ቀስ ብሎ። ደስ አለው። ወዲያው ደግሞ ደሙ ፈላ።

ጀዋር አላስቻለውም። "የምን መድፍ ነው እናንተ! ይሄ ሰውዬ ነው እኮ የሰበረው!"

ሰዎቹ ሳቁ። ሎዛ ደንግጣ ወደ ካሳ ዞረች።

"እርስዎ ነዎት የሰበሩት፣ ጋሼ?"

"እኔ እሱን፣ እሱ እኔን" አለ ካሳ። "እሱ ጠርዙን ጣለ፣ እኔ ወገቤን። እሱን ታሪክ ነው ብላችሁ አስቀመጣችሁት።"

ድንጋዩ ላይ ቆሞ የነበረ አንድ ጎልማሳ እግሩን አነሣ።

"ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ እኔ የተነገረኝን ነው የምናገረው" አለች ሎዛ።

"አንቺ ምን ታደርጊ፣ ልጄ።"

"ስምዎን ማን ልበል?"

"ካሳ።"

"ካሳ ሲባል ደግሞ የተከፈለው እንዳይመስልሽ" አለ ጀዋር። "ከካሳ የደረሰው ስሙ ብቻ ነው።"

ሎዛ ሰዎቹን ይዛ ወደ ቀጣዩ ክፍል ስትሄድ ሁለቱ ቀሩ። ካሳ ድንጋዩን በጫማው ጫፍ ነካ አደረገው። ድካሙ እንዳለ ነበር፤ ለሚጣል ድንጋይ ነው ወይ ወገቤን የሰጠሁት የሚለው ጥያቄ ግን አብሮት አልነበረም። ወደ ደረጃው አፍ ሄደና ቁልቁል አየ፤ ሩቅ ሆነበት።

"በል ጀዋር፣ አውርደኝ" አለ።

ዛሬ የጀዋር ሁለቱም እጆች ባዶ ነበሩ። አወረደው።