እትዬና ፌጦው

በሽታዬ ሁለት ዓመት ሙሉ አሜባ ሲባል ኖረ። ሞላሌ ገበያ ለብርድ የሚደረብ የሱፍ ባና እየሸጥኩ በየመሀሉ እየተነሳሁ ስሮጥ፣ ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ሲያዋክበኝ፣ የሄድኩበት መድኃኒት ቤት ሁሉ ያንኑ የአሜባ ክኒን ይሰጠኝ ነበር። በመጨረሻ ደብረ ብርሃን ሄጄ አንጀቴ በካሜራ ታየ። ወጣቱ ሐኪም ትልቁ አንጀቴ እንደቆሰለ፣ ያቆሰለውም የገዛ ሰውነቴ መከላከያ እንደሆነ ነገረኝ። በመድኃኒት ይያዛል እንጂ ጨርሶ አይለቅም አለኝ።

አላመንኩትም። አሜባ ያሉኝም እንደ እሱ እርግጠኞች ነበሩ። ደግሞስ ሰውነት እንዴት ራሱን ያቆስላል? የሰው እጅ ቢኖርበት ነው እንጂ።

ቤታችን ውስጥ እኔ፣ ባሌና የባሌ ታላቅ እህት ነን። እትዬ ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ከእኛ ጋር ናቸው። እኔ ገበያ ስለምውል ጓዳውን የያዙት እሳቸው ናቸው፤ የምበላው ከእጃቸው ነው። ክፉ ነገር አይቼባቸው አላውቅም። ያም ራሱ ያስጠረጥረኝ ጀመር።

ሐኪሙ የሰጠኝ ክኒን ደሙን ቶሎ አቆመው፤ ፊቴን ግን እንደ ቦካ ሊጥ ነፋው። የገበያ ሴቶች "ተመቸሽ" ሲሉኝ፣ ዞር ስል ምን እንደሚሉ አስብ ነበር። ሐኪሙ ክኒኑን በድንገት እንዳላቆም፣ እሱ እያዘዘኝ ቀስ በቀስ እንድቀንስ አስጠንቅቆኝ ነበር። እኔ ግን ደንበኛው አድርጎ ሊያስቀረኝ ነው አልኩና ለማንም ሳልናገር ተውኩት።

ብዙም ሳይቆይ ደሙ ተመለሰ። በዚያው ሰሞን የምጠጣው በሶ አፌን ለብለብ ያደርገኝ ጀመር። አንድ ጠዋት ገበያ የወጣሁ መስዬ ተመለስኩና በበሩ ስንጥቅ አየሁ። እትዬ ከነጠላቸው ጫፍ ቋጠሮ ፈተው የተወቀጠ ነገር በሶዬ ላይ ነሰነሱ።

ገባሁባቸው። "እትዬ፣ ምንድን ነው የሚያበሉኝ?"

አልደነገጡም። "ፌጦ ነው" አሉኝ። "ስትደሚ እያየሁ ዝም ልበል? ብነግርሽ አትቀበዪኝም።"

ቋጠሮውን ይዤ በማግስቱ ሐኪሙ ዘንድ ሄድኩ። እሳቸውም አብሬሽ ካልሄድኩ ብለው ተከተሉኝ። መኪናው ውስጥ ተራርቀን ተቀመጥን።

ፌጦውን ሐኪሙ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩና ያገረሸብኝ በዚህ ነው አልኩት። አሸተተው። የቆሰለ አንጀት ሊያስቆጣ ስለሚችል ይቅር፣ በሽታውን ግን ፌጦ አያመጣውም አለ። ከዚያ ዓይን ዓይኔን እያየ ጠየቀኝ።

"ክኒኑን መቼ ነው ያቆሙት?"

አላቆምኩም ልል አፌን ከፍቼ ነበር። እትዬ አጠገቤ ናቸው። "ደሙ እንደቆመልኝ" አልኩ።

እትዬ ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳብ አደረጉ።

ሐኪሙ ያንን ክኒን እንደገና እንድጀምር፣ እሱን እየቀነስኩ ስሄድ የሚተካ ሌላ መድኃኒት እንድጨምር መከረኝ። አዲሱ ለረጅም ጊዜ የሚወሰድ ነው። የሰውነትን መከላከያ ስለሚያለዝብ ሌላ በሽታ በቀላሉ ሊይዘኝ ይችላል፤ ደሜም በየጊዜው መመርመር አለበት። እምቢ ብልስ አልኩት። የመጀመሪያው ክኒን ብዙ ከተወሰደ አጥንት ያሳሳል፣ ቁስሉም ከባሰ ቀዶ ሕክምና ሊያመጣ ይችላል አለ። አስቤ እንድወስን ጊዜ ሰጠኝ።

ውጭ አግዳሚ ወንበር ላይ ቁጭ አልን። ይህንንም ያንንም ጠረጠርኩ። ማብቂያ የሌለው መድኃኒት ለማን ነው የሚጠቅመው? እትዬ ወደ እኔ ዞሩ።

"እኔ ደብቄሽ ነበር፤ አንቺም ደብቀሽናል። እሱ ግን የመድኃኒቱን ጉዳት እንኳ አልደበቀሽም።"

ተመልሼ ገባሁና እጀምራለሁ አልኩት።

አሁን ደሙ ከቆመ ወራት አልፈዋል፤ የፊቴም እብጠት ጎድሏል። እትዬን ይቅርታ የጠየቅኳቸው ግን ቆይቼ ነው። በሐኪሙ ላይም እምነቴን ሙሉ በሙሉ ጥያለሁ አልልም። ደሜን በተመረመርኩ ቁጥር የውጤቱን ወረቀት ተቀብዬ በጎረቤታችን መምህር አስነብባለሁ፤ እሱ ያነበበውንና ሐኪሙ የነገረኝን አስተያያለሁ። እስካሁን አልተለያየም።